በብርሃን ማስጠንቀቅ፦ የምልክት መብራቶች በፋብሪካ ውስጥ ሕይወት የሚታደጉበትና የሚያሳስቱበት መንገድ

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ በመጠኑ ትንሽ፣ በዋጋውም ርካሽ የሆነ ዕቃ ነው። በማሽን አናት ላይ የምትቀመጠው ቀይ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መብራት ናት። ብዙዎቻችን በአጠገቧ ስናልፍ ልብ አንላትም። ይሁን እንጂ አንድ ሠራተኛ እጁን ወደ ማሽኑ ውስጥ ለመስደድ ወይም ላለመስደድ ሲወስን የሚመለከተው ብዙውን ጊዜ እርሷን ነው። ስለዚህ በዚህ ገለጻ ሦስት ጥያቄዎችን ለመመለስ እሞክራለሁ። ማስጠንቀቂያን በብርሃን ማስተላለፍ ለምን አስፈለገ? የሰው ዓይን ይህን ማስጠንቀቂያ የሚቀበለው እንዴት ነው? መብራቱ ራሱ አሳሳች የሚሆነውስ መቼ ነው? ከሦስቱ በሦስተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም የሰው ሕይወት የሚጠፋው በአብዛኛው በዚያ በኩል ነውና።

ጆሮ በማይሰማበት ስፍራ

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ውስጥ የቆመ ሰው ጎረቤቱን ለማናገር ወደ ጆሮው ተጠግቶ መጮኽ ይኖርበታል። በመቶ የሚቆጠሩ የሽመና ማሽኖች በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሠሩ የድምፁ መጠን ከ90 ዴሲቤል በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። የሥራ ጤንነት ባለሙያዎች በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 85 ዴሲቤልን የጥንቃቄ ወሰን አድርገው ይወስዳሉ። ከዚያ በላይ ሲሆን ሠራተኛው የጆሮ መከላከያ እንዲያደርግ እናዛለን። እዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ ይፈጠራል፤ የመስማት ችሎታውን ለመጠበቅ ብለን ጆሮውን ስንሸፍን፣ የአደጋ ደወሉንም አብረን እንሸፍንበታለን። በዚያ ላይ ለዓመታት በጫጫታ ውስጥ የሠራ ሰው የመስማት ኃይሉ የተዳከመ ሊሆን ይችላል፤ ከሠራተኞቹም መካከል ከመጀመሪያውኑ መስማት የተሳናቸው ይኖራሉ።

ድምፅ ሌላም ድክመት አለበት። አደጋ መኖሩን እንጂ በየት በኩል እንዳለ አጥርቶ አይናገርም፤ በግድግዳና በጣሪያ እየተንጸባረቀ ከየአቅጣጫው የመጣ ያስመስላል። መብራት ግን ራሱ ያለበትን ስፍራ ያሳያል። የትኛው ማሽን፣ የትኛው በር፣ የትኛው መስመር እንደሆነ በአንድ እይታ ይታወቃል። በአንድ ፈረቃ ውስጥ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ሠራተኞች በሚገናኙበት፣ የማሽኑ መመሪያ ደግሞ በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ብቻ በተጻፈበት ፋብሪካ፣ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ዓይን ማስጠንቀቂያን እንዴት ይቀበላል?

የዓይናችን ሬቲና ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉት። አንደኛዎቹ ቀለምንና ጥቃቅን ዝርዝርን የሚለዩ ሲሆኑ በብዛት የተከማቹት በሬቲናው መካከል ነው። ሌሎቹ ደብዛዛ ብርሃንን የሚያዩ ሲሆኑ በዳር በዳሩ ተሰራጭተዋል። አጥርተን የምናየው ስፍራ እጅግ ጠባብ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ብትመለከቱ፣ በማንኛውም ቅጽበት ዓይናችሁ በሙሉ ጥራት የሚያየው ከዚያ ብዙም የማይበልጥ ስፋት ነው። የቀረውን ሁሉ የምናየው በዓይናችን ጠርዝ ነው።

የዓይናችን ጠርዝ ቀለምን ለመለየት ደካማ ቢሆንም፣ እንቅስቃሴንና የብርሃን መለዋወጥን ለመያዝ ንቁ ነው። ከዚህ ለንድፍ ሥራችን አንድ ሕግ እናገኛለን፦ ብልጭታ ይጠራል፣ ቀለም ይናገራል። በሥራው ላይ ያቀረቀረ ሰው በጎኑ የበራ ቋሚ ቀይ መብራት ላያስተውል ይችላል። ያው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ግን ቀና ይላል፤ ቀና ካለ በኋላ ቀለሙን አይቶ መልእክቱን ይረዳል። በዚህ ምክንያት ብልጭታን ለአስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ማስቀረት ይገባል። በአዳራሹ ውስጥ ሁሉም መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ አንዱም አይጠራም።

ፍጥነቱም ልክ አለው። የአሜሪካ የእሳት ማስጠንቀቂያ ደንብ የሆነው ኤንኤፍፒኤ 72 የብልጭታው ፍጥነት በሰከንድ ከ1 ያላነሰ፣ ከ2 ያልበለጠ እንዲሆን ይደነግጋል። ከዚህ እጅግ ከዘገየ ሰውየው በጨለማው ቅጽበት ዞር ብሎ ሳያየው ያልፋል። እጅግ ከፈጠነ ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል፤ በሰከንድ ከ3 በላይ የሆነ ብልጭታ ለብርሃን ተጋላጭ የሆነ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጥለው ይችላል። ልብ በሉ፤ እያንዳንዳቸው ደንቡን የሚያከብሩ ሦስት መብራቶች በአንድ ክፍል ውስጥ ተራ በተራ ሳይናበቡ ቢበሩ፣ ወደ ዓይን የሚደርሰው ድምር ብልጭታ ከወሰኑ ሊያልፍ ይችላል። በአንድ ክፍል ያሉ መብራቶች በአንድነት እንዲበሩ የሚታሰሩት ለዚህ ነው።

ለግዢ ክፍል ባለሙያዎች ደግሞ አንድ ስሌት ላካፍል። ብሎንዴልና ሬይ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ከመቶ ዓመታት በፊት እንዳሳዩት፣ አጭር ብልጭታ ለዓይን የሚሰጠው ዋጋ ከእውነተኛ ጉልበቱ ያነሰ ነው። ቀመሩ ቀላል ነው፤ የብርሃኑ ጥንካሬ በቆይታው ተባዝቶ፣ ለቆይታው 0.2 ሰከንድ ተደምሮበት ይካፈላል። ስለዚህ 300 ካንዴላ ያለውና ለ0.1 ሰከንድ የሚቆይ ብልጭታ፣ ከሩቅ ለሚያየው ዓይን የ100 ካንዴላ ቋሚ መብራት ያህል ብቻ ነው። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር የቅጽበቱን ጣሪያ የሚያሳይ ሊሆን ስለሚችል፣ ‹ለምን ያህል ጊዜ የሚቆይ ብልጭታ ነው?› ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በዚህ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰን ብርሃን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። በቀትር ፀሐይ በግቢ ውስጥ የሚሰቀል መብራትና በመጋዘን ውስጥ የሚሰቀል መብራት አንድ ዓይነት ሊሆኑ አይችሉም።

የቀለም ሰዋስው

ቀለም በተፈጥሮው የሚናገር ይመስለናል። ነገር ግን የምልክት ቀለም እንደ ቋንቋ ስምምነት ነው፤ ስምምነቱም በልምድና በዋጋ የተገኘ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የባቡር መስመሮች ላይ ቀይ አደጋን፣ አረንጓዴ ጥንቃቄን፣ ነጭ ደግሞ ‹መንገዱ ነጻ ነው› ማለትን ያመለክቱ ነበር። ይህ አሠራር ሁለት ችግሮች ነበሩበት። ነጩ ምልክት በአካባቢው ካለ ተራ ፋኖስ ጋር ይምታታል። ከዚያም የባሰው፣ የቀዩ ፋኖስ መስታወት ተሰብሮ ከወደቀ የሚታየው ነጭ ብርሃን ነው፤ ነጂውም ‹እለፍ› የተባለ ይመስለዋል። በመጨረሻም አረንጓዴ የ‹እለፍ› ምልክት እንዲሆን ተደረገ። ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ዛሬም አልሻረም፦ የምልክት መብላሸት ፈጽሞ የደኅንነት ምልክት መምሰል የለበትም።

ዛሬ ለማሽኖች የኤሌክትሪክ ሥርዓት የወጣው አይኢሲ 60204-1 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የመብራት ቀለሞችን ትርጉም ይወስናል። ቀይ ማለት አደገኛ ሁኔታ ተፈጥሯል፣ አፋጣኝ እርምጃ ያስፈልጋል ነው። ቢጫ ከመደበኛው የወጣ ነገር አለ፣ ወደ አደጋ ሊያመራ ይችላል ይላል። አረንጓዴ ሥራው በመደበኛ ሁኔታ ላይ መሆኑን፣ ሰማያዊ ኦፕሬተሩ የግድ ሊፈጽመው የሚገባ ተግባር መኖሩን ያሳያል። ነጭ ከእነዚህ ውጭ ላለ ተራ መረጃ የተተወ ነው። አንድ ፋብሪካ ከተለያዩ አገሮች ማሽን ሲገዛ፣ በአንዱ ማሽን ላይ ቀይ ‹ቆሜአለሁ› ማለት ሆኖ በሌላው ላይ ‹አትቅረብ› ማለት ከሆነ፣ ከመስመር ወደ መስመር የሚዛወር ሠራተኛ በሁለት ሰዋስው መካከል ይያዛል። ይህን ማስተካከል የመሐንዲሱ ኃላፊነት ነው እንጂ የሠራተኛው አይደለም።

ቀለም ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ከሰሜን አውሮፓ ዘር ከሆኑ ወንዶች 8 ከመቶ ያህሉ ቀይና አረንጓዴን አጥርተው አይለዩም፤ በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ መጠኑ ዝቅ ቢልም የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ የቦታው ቅደም ተከተል በሁሉም ማሽኖች ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ቀይ ምንጊዜም ከላይ ይቀመጥ። አስቸኳይ መልእክት በብልጭታና በድምፅም ይታገዝ።

ሦስት የሥራ ቦታዎች

የመጀመሪያው ምሳሌዬ ከሽመና ነው። ድርና ማግ ምን እንደሆኑ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሳኪቺ ቶዮዳ የተባለው ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1924 ለፍጻሜ ያደረሰው አውቶማቲክ የሽመና ማሽን ክር ሲበጠስ በራሱ ይቆም ነበር። በዘመናዊ የሽመና ማሽን አናት ላይ ያሉት ባለ ቀለም መብራቶች ደግሞ ማሽኑ የቆመው በድር መበጠስ ይሁን በማግ መበጠስ ወይም በሌላ ብልሽት ከሩቅ ይናገራሉ። ከቶዮዳ ቤተሰብ የወጣው የመኪና ኩባንያም ይህንኑ ሐሳብ ወደ መገጣጠሚያ መስመሩ ወስዶ ‹አንዶን› ብሎ ጠራው፤ ቃሉ በጃፓንኛ የወረቀት ፋኖስ ማለት ነው። ችግር ያየ ሠራተኛ ገመድ ይስባል፣ መብራት ይበራል፣ የቡድኑ መሪ ፈጥኖ ይደርሳል። በአገራችን ‹ሳይቃጠል በቅጠል› እንደሚባለው፣ መብራቱ የሚጠራው ችግሩ ገና ትንሽ ሳለ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የሲሚንቶ ፋብሪካ ማጓጓዣ ቀበቶ ነው። ቀበቶው በመቶ ሜትሮች ይረዝማል፤ የሚያንቀሳቅሰው ኦፕሬተር በመቆጣጠሪያ ክፍል ተቀምጧል፤ በቀበቶው ሥር የፈሰሰ ጥሬ ዕቃ የሚዝቅ ሠራተኛ መኖሩን በዓይኑ ማየት አይችልም። ስለዚህ ማስነሻው ሲጫን ቀበቶው ወዲያው አይንቀሳቀስም። መጀመሪያ በመስመሩ ርዝመት ሁሉ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ ሳይረን ይጮኻል፣ ከተወሰኑ ሰከንዶች በኋላ ሞተሩ ይነሣል። የእነዚህ ሰከንዶች ርዝመት በግምት የሚወሰን አይደለም። በጣም አስቸጋሪ በሆነው ቦታ ያለ ሰው ምልክቱን አይቶ ለመውጣት ወይም የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን ገመድ ለመሳብ የሚወስድበት ጊዜ ተለክቶ ነው መቀመጥ ያለበት።

ሦስተኛው ፎርክሊፍት ነው። በቅርብ ዓመታት ብዙ ፎርክሊፍቶች ከፊታቸው ወለል ላይ ሰማያዊ የብርሃን ነጥብ ይጥላሉ፤ በመደርደሪያዎች መገናኛ ላይ ከተሽከርካሪው ቀድሞ የሚደርሰው ይህ ነጥብ ነው። ጥቅሙን በቁጥር እንየው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ፎርክሊፍት በሰከንድ 2.8 ሜትር ያህል ይሄዳል። ነጥቡ 5 ሜትር ወደፊት ከወደቀ እግረኛው 1.8 ሰከንድ ያህል ያገኛል፤ አይቶ ለመቆም ይበቃዋል። ፍጥነቱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲሆን ግን ጊዜው ወደ 1.2 ሰከንድ ይወርዳል፤ ይህ አይቶ ለመወሰን ብቻ የሚበቃ ነው። መብራቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ፍጥነቱ ነው። መብራት ገዝቶ የፍጥነት ወሰንን መተው ግማሽ ሥራ ነው።

መብራት ሲያሳስት

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እመጣለሁ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1979፣ በአሜሪካ ፔንስልቬንያ በሚገኘው የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፈተ። ግፊቱ ሲቀንስ መዘጋት ነበረበት፤ የመዝጊያ ትዕዛዝም ደረሰው፤ ነገር ግን ተከፍቶ እንደተቸነከረ ቀረ። በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ የቫልቩ መብራት ጠፋ። ኦፕሬተሮቹም መብራቱ ስለጠፋ ቫልቩ ተዘግቷል ብለው አመኑ።

የመብራቱ ሽቦ ግን ከቫልቩ ጋር አልተያያዘም ነበር። የተያያዘው ቫልቩን ከሚያዝዘው የኤሌክትሪክ ዑደት ጋር ነው። መብራቱ የተናገረው ‹ዝጋ ተብሏል› ብሎ እንጂ ‹ተዘግቷል› ብሎ አልነበረም። የማቀዝቀዣው ውኃ ከ2 ሰዓት በላይ በዚያ ቫልቭ ሲፈስ ቆየ፤ ከማብላያው እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ100 በላይ ማስጠንቀቂያዎች በአንድነት ስለበሩ አስፈላጊውን ካላስፈላጊው መለየት አዳጋች ሆነ። የተዘጉ የውኃ ቫልቮችን ከሚያሳዩት መብራቶች አንዱ ደግሞ በተንጠለጠለ የጥገና መለያ ካርድ ተሸፍኖ ነበር።

በዚህ አንድ ክስተት ውስጥ የመብራት ሦስት በሽታዎች በአንድነት ይታያሉ። የመጀመሪያው፣ ትዕዛዝን እንደ ሁኔታ ማሳየት ነው። በእኛ ፋብሪካዎችም ‹ሞተር ቆሟል› የሚለው መብራት ከማቆሚያ ቁልፉ ጋር ብቻ ከታሰረ፣ ሞተሩ በጉልበቱ እየተሽከረከረ ሳለ ‹ቆሟል› ሊል ይችላል። መፍትሔው መብራቱን መሽከርከሩን ከሚለካ ሴንሰር ጋር ማያያዝ ነው። ሁለተኛው የማስጠንቀቂያ ብዛት ነው። ‹ጅብ መጣ!› እያለ ሰፈሩን ሲያታልል የኖረውን እረኛ ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቀኑን ሙሉ የሚበራ ቢጫ መብራትም እንደዚያ እረኛ ነው፤ እውነተኛው ቀን ሲደርስ የሚያምነው የለም። ሦስተኛው መሸፈን ነው። በሲሚንቶ ፋብሪካ አቧራ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ብናኝ፣ በሌላው ደግሞ ከፊቱ የተከመረ ካርቶን መብራቱን ይጋርዱታል።

በአገራችን በተለይ ልናስብበት የሚገባ አራተኛ በሽታ አለ፤ እርሱም የጠፋ መብራት ነው። የጠፋ መብራት ‹አደጋ የለም› ሊል ይችላል፤ ‹አምፖሌ ተቃጥሏል› ሊል ይችላል፤ ‹የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋርጧል› ሊልም ይችላል። በመብራት መቋረጥ ጊዜ የሚሆነውን አስቡት። ማሽኑ ይቆማል፣ መብራቶቹ ሁሉ ይጠፋሉ። ሠራተኛው ጊዜውን ለመጠቀም ሲል መከለያውን ከፍቶ የተጠላለፈውን ክር ወይም የተወተፈውን ዕቃ ለማውጣት እጁን ያስገባል። በዚያች ቅጽበት ኃይሉ ይመለሳል። ማሽኑ በተራ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ ከሆነና ማብሪያው እንደበራ ከተተወ፣ ማንም ሳይነካው ይነሣል። በዚህ ሁኔታ መብራቱም ሞተሩም በአንድነት ይበራሉ፤ ማስጠንቀቂያው ከአደጋው እኩል ይደርሳል።

ለዚህ መድኃኒቱ መብራት አይደለም። ኃይል ሲቋረጥ ተለይቶ የሚቀር፣ ኃይል ሲመለስም ሰው ማስነሻውን እስኪጫን ድረስ የማይነሣ ኮንታክተር ያስፈልጋል። ከዚህም ጋር፣ በማሽን ውስጥ እጁን የሚያስገባ ሰው ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ፣ በራሱ ቁልፍ ቆልፎ፣ ቁልፉን በኪሱ መያዝ አለበት። የጥገና ባለሙያም የመብራቱን መጥፋት የኃይል አለመኖር ማረጋገጫ አድርጎ አይወስድም፤ በመለኪያ መሣሪያ ያረጋግጣል።

መብራት የማይተካው

በሥራ ደኅንነት ሙያ የመከላከያ እርምጃዎች ደረጃ አላቸው። ከሁሉ በላይ አደጋውን ከምንጩ ማስወገድ ነው። ቀጥሎ አደገኛውን ባነሰ መተካት፣ ከዚያ በመከለያና በኢንተርሎክ መለየት ይመጣል። ማስጠንቀቂያና ሥልጠና ከእነዚህ በታች ናቸው፤ የመጨረሻው የግል መከላከያ ልብስና መሣሪያ ነው። መከለያ ሠራተኛው ቢደክመውም ይከላከላል። መብራት ግን የሚሠራው ሰውየው ካየ፣ ካየው ከተረዳ፣ ከተረዳው ካመነ፣ ካመነ በኋላም ለመፈጸም ጊዜ ካገኘ ነው። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል መብራቱ ጌጥ ይሆናል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ፣ ስለ ሥራው አደገኛነትም ሠራተኛውን እንዲያስገነዝብ ግዴታ ይጥልበታል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155ም መንፈሱ ይኸው ነው። ስለዚህ መከለያ ማድረግ በሚቻልበት ቦታ ላይ መብራት ሰቅሎ ‹አስጠንቅቄ ነበር› ማለት ኃላፊነትን ወደ ተጎጂው ማሻገር ነው።

ከፋብሪካ የመጣችሁ ባለሙያዎች ነገ ጠዋት ልታደርጉት የምትችሉትን ልጠቁምና ላብቃ። በየመስመሩ እየዞራችሁ ለእያንዳንዱ መብራት አምስት ጥያቄ አቅርቡ። የሚያሳየው ሁኔታውን ነው ወይስ ትዕዛዙን? አምፖሉ ቢቃጠል በምን ይታወቃል? የመብራት መፈተሻ ቁልፍ አለው ወይ፣ ካለስ በፈረቃው መጀመሪያ ይጫናል ወይ? ሠራተኛው በእውነት ከሚቆምበት ስፍራ ይታያል ወይ? ሲበራ ምን ማድረግ እንዳለበት ትናንት የተቀጠረው ሠራተኛ በራሱ ቋንቋ ሊነግራችሁ ይችላል ወይ? በመጨረሻም፣ ባለፈው ሳምንት በበራ ጊዜ አንድ ሰው አንድ እርምጃ ወስዷል ወይ? ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ‹አይደለም› ከሆነ፣ ወይ መብራቱ ይስተካከል፣ ወይ ይነሣ።

ከታዳሚዎች የቀረበ ጥያቄ

አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ባለቤት፣ ‹ገንዘባችን ውስን ነው፤ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ማሟላት ካልቻልን ከምን እንጀምር?› ሲሉ ጠየቁ።

ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ከመብራት አይጀምሩ። በመጀመሪያ የሚሽከረከረውንና የሚቆርጠውን ሁሉ መከለያ ያልብሱት፤ ከቤትዎ ብረት ሊሠራ ይችላል። ቀጥሎ ኃይል ሲመለስ በራሱ የሚነሣ ማሽን ካለዎት ማብሪያውን በኮንታክተር ይለውጡ፤ ዋናውን ማብሪያ የሚቆልፍ አንድ ቁልፍም ይግዙ። ይህን ካደረጉ በኋላ የሚተርፍ ገንዘብ ካለ፣ የመጀመሪያውን መብራት ጀርባዎን ሰጥተው በሚሠሩበት ማሽን ላይ ያድርጉት።